ስሎቬንኛንና ሞንጎልኛን ሳነጻጽር የሄድኩበት መንገድ

በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሊዩብሊያና ለትምህርት በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት የማደሪያ ክፍሌን የተጋራሁት ከኡላንባታር ከመጣ ተማሪ ጋር ነበር። ቀን በክፍል ውስጥ ስሎቬንኛ እማራለሁ፤ ማታ ደግሞ እሱ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሞንጎልኛ እሰማለሁ። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ለማጥናት ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

የጀመርኩት በተሳሳተ በር ነበር። ሁለት መቶ ያህል የዕለት ተዕለት ቃላትን በሁለቱም ቋንቋዎች ዘርዝሬ የሚመሳሰሉትን መፈለግ ያዝኩ። ያገኘኋቸው ጥቂት ተመሳሳዮች ሁሉ ከውጭ የገቡ ቃላት ሆኑ። ለምሳሌ ሞንጎሎች መኪናን «ማሺን» የሚሉት ከሩሲያኛ ወስደው ሲሆን፣ ከጣሊያንኛ የወሰድነው የእኛው «መኪና» እንኳ በሥሩ ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ነው። ፊደልም አሳስቶኛል። ስሎቬንኛ እንደ ሩሲያኛ የስላቭ ቋንቋ ሆኖ ሳለ በ25 የላቲን ፊደላት ይጻፋል፤ የመጀመሪያዎቹን የስሎቬንኛ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1550 ያሳተመው ፕሪሞዥ ትሩባር ነው። ሞንጎልኛ ደግሞ ከስላቭ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና ሳይኖረው፣ በሞንጎሊያ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ወዲህ ሁለት ፊደላት በተጨመሩበት የሩሲያውያን ፊደል፣ ማለትም በ35 የሲሪሊክ ፊደላት ይጻፋል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ጥንታዊ ጽሕፈቱ በቻይና ውስጥ ባለችው ውስጣዊ ሞንጎሊያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ የፊደል መመሳሰል ስለ ቋንቋ ዝምድና ምንም እንደማይነግረኝ ገብቶኝ ዝርዝሩን ተውኩት።

መንገዴን ያቀናችልኝ የስሎቬንኛ መምህርቴ ናት። ከክፍል ተጋሪዬ ጋር ገበያ መሄዳችንን ለመግለጽ «ሽሊ ስሞ»፣ ማለትም «ሄድን»፣ ብዬ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን አየችና «ሦስተኛው ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ስሎቬንኛ ከነጠላና ከብዙ ቁጥር ሌላ ለሁለት ብቻ የሚሆን የጥንድ ቁጥር ስላለው፣ ሁለት ወንዶች ወይም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከሆኑ «ሽላ ስቫ»፣ ሁለት ሴቶች ከሆኑ ደግሞ «ሽሊ ስቫ» ማለት ግድ ነው። «እሠራለሁ» ዴላም፣ «ሁለታችን እንሠራለን» ዴላቫ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ስንሆን ዴላሞ ይባላል። በአማርኛ «ሄድን» ስል ስንት እንደነበርን ሳልናገር ማለፍ እችላለሁ፤ ስሎቬንኛ ግን ይህን እንድተወው አይፈቅድልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንቋዎችን የማነጻጽርበት ጥያቄ ተለወጠ፤ ምን ይመሳሰላል ከማለት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ቋንቋ ተናጋሪውን ምን እንዲናገር ያስገድደዋል እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

የጥንድ ቁጥርን ደንብ ያወቅሁ መስሎኝ ሳለ እግሬን ባመመኝ ቀን ሌላ ነገር ተማርኩ። ሁለት እግር ስላለኝ በጥንድ ቁጥር ተናገርኩ፤ ትክክለኛው ግን ብዙ ቁጥር፣ «ኖጌ ሜ ቦሊዮ» የሚለው ነው። ዓይን፣ እጅና እግርን የመሳሰሉ በተፈጥሯቸው ጥንድ የሆኑ ነገሮች በስሎቬንኛ ብዙውን ጊዜ በጥንድ ቁጥር አይነገሩም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሠሩበት ዕብራይስጥ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የጥንቱ ጥንድ ቁጥር ተጠብቆ የቆየው በተለይ በእጅ፣ በእግርና በዓይን ላይ ነው።

ቆጠራ ልዩነቱን ይበልጥ አጎላው። ስሎቬንኛ አንድ መጽሐፍን ኤና ክኒጋ፣ ሁለትን ድቬ ክኒጊ፣ ሦስትን ትሪ ክኒጌ፣ አምስትን ፔት ክኒግ እያለ ስሙን አራት ጊዜ ይለውጠዋል። ሞንጎልኛ ኔግ ኖም፣ ሖዮር ኖም፣ ታቫን ኖም ይላል፤ «ኖም» ከቦታው አይነቃነቅም። እኛም «አምስት ሰው መጣ» ስለምንል ይህ ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተቴን አገኘሁ። እስከዚያ ድረስ በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ በሁለቱ ቋንቋዎች ዓምዶች መካከል ትርጉሙን የምጽፈው በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ሞንጎልኛ የተዘበራረቀ መስሎ ይታየኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ሰርዤ መካከለኛውን ዓምድ ለአማርኛ ሰጠሁት። ያን ጊዜ «ኢሬድ፣ ኢዴድ፣ ያቭሳን» የሚለው የሞንጎልኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል «መጥቶ፣ በልቶ፣ ሄደ» ሆኖ ተቀመጠ፤ የሰዋስው መምህራኖቻችን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ማለት ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ኢርሰን ሑን» ልክ እንደ «የመጣ ሰው» ገላጩን ከስሙ ያስቀድማል፤ ስሎቬንኛ ግን «ችሎቬክ፣ ኪ ዬ ፕሪሼል» ብሎ ሰውዬውን መጀመሪያ ይጠራል። ይህ ግን የዝምድና ምልክት አይደለም። የሞንጎልኛ ግስ ባለቤቱን አያመለክትም፤ «ቢ ያቭና፣ ቺ ያቭና፣ ቴር ያቭና»፣ እኔም አንተም እሱም በአንድ ቅርጽ እንሄዳለን። ግስ ባለቤቱን በማመልከት ረገድ አማርኛ ወደ ስሎቬንኛ ይጠጋል።

ሞንጎልኛ በበኩሉ ምን እንደሚያስገድድ የተረዳሁት አንድ ጠዋት ነው። ክፍል ተጋሪዬ መስኮቱን ከፈተና እርጥቡን አስፋልት አይቶ «ቦሮ ኦርጄ» አለ። ቃል በቃል «ዝናብ ገብቷል» ማለት ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ዝናብ ይገባል እንጂ አይዘንብም። ከጥቂት ቀናት በፊት አብረን መንገድ ላይ ሳለን ዝናብ ሲጀምር ግን «ቦሮ ኦርሎ» ብሎ ነበር። ልዩነቱን ስጠይቀው፣ «ኦርሎ» በዓይኔ ፊት የሆነውን፣ «ኦርጄ» ደግሞ ሲሆን ሳላየው በኋላ የደረስኩበትን ይናገራል አለኝ። ወዲያው እናቴ ጠዋት በር ከፍታ «ሌሊት ዘንቧል» የምትለው ትዝ አለኝ። እርጥብ መሬት አይታ «ዘነበ» አትልም። አማርኛን አፌን ከፈታሁበት ጊዜ ጀምሮ ስናገረው ኖሬ፣ በ«ዘነበ» እና በ«ዘንቧል» መካከል ይህን የሚመስል ነገር እንዳለ ያስተዋልኩት በሞንጎልኛ በኩል ነው። የእኛው ግን የሞንጎልኛውን ያህል ጥብቅ አይደለም፤ ዝናቡን ቆሞ ያየ ሰውም «ዘንቧል» ሊል ይችላል።

በማግስቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለመምህርቴ ወሰድኩላት። «ዴዤቫሎ ዬ» ብላ ጻፈችልኝ። ዝናቡን ካየሁትስ፣ እርጥቡን መሬት ብቻ ካየሁስ ብዬ ጠየቅኋት። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ጻፈች።