የትላቲልኮን የሴት ምስል በእጄ መልሼ ስሠራ የተማርኩት
በሜክሲኮ ሸለቆ ትላቲልኮ በሚባለው ጥንታዊ መንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 900 ባለው ዘመን የተሠሩት ትናንሽ የሸክላ ሴቶች ቁመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ወገባቸው ቀጭን፣ ጭናቸው ሰፊ፣ ክንዳቸው አጭር ጉጥ ብቻ ሲሆን የጸጉራቸው አሠራር ግን እጅግ የተጠበቡበት ነው። አሠራራቸውን ለመረዳት አንዷን በጭቃ ለመቅዳት ተነሣሁ።

የዚያ ዘመን ሠሪዎች የሸክላ መንኰራኩርም ሆነ ቅርጽ ማውጫ ስላልነበራቸው፣ እኔም በጣቶቼና ጫፉ በሾለ የቀርከሃ ስንጥር ብቻ ሠራሁ። ጭቃውን ከደቃቅ አሸዋ ጋር በደንብ ካሸሁ በኋላ አድቦልቡዬ መሃሉን በሁለት ጣት እያዞርኩ ስጨብጠው ወገቡ ቀጠነ፤ ወደ ታች የተገፋው ጭቃም ጭኑን አወፈረው። ቅርጹ የሠሪው የውበት ምርጫ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን እጅም ወደዚያው እንደሚመራ ጭቃው ራሱ አሳየኝ።

ከሁሉ ይልቅ የቆየሁት ፊቱ ላይ ነው። አፍንጫው ከጭቃው ተቆንጥጦ ይወጣል፤ ዓይኑ ጎን ለጎን በሚያርፉ ሁለት የስንጥር ጭረቶች ይከፈታል። ጭቃው በጣም ርጥብ ከሆነ ስንጥሩ ጠርዙን እየጎተተ ያበላሸዋል፤ ጠንከር ሲል ግን የጸጉሩ መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እንዳለችው፣ ሁለት ፊት ኖሯቸው የመሃሉን ዓይን የሚጋሩ ምስሎችም አሉ። ይህን ስሞክር የጋራውን ዓይን አስቀድሞ መክፈት ሁለቱን ፊቶች ለማስተካከል እንደሚረዳ አየሁ፤ የጥንቱ ሠሪ በዚህ ቅደም ተከተል ሠርቷል ለማለት ግን አልደፍርም።

ገላው ድፍን በመሆኑ ጭኑ ሳይደርቅ አንገቱና ክንዱ ቀድመው ይደርቃሉና፣ ቀጫጭኖቹን በርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አቆየሁት፤ እሳቱንም ቀስ በቀስ ጨመርኩ።

ከመተኮሱ በፊት ከእግሩ ሥር «ቅጂ» የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረቱን ቀረጽኩበት። ጡብ ሠሪዎች ጭቃ ሲቆፍሩ ያገኟቸው ብዙዎቹ የትላቲልኮ ምስሎች ለሰብሳቢዎች በመሸጣቸው ከየትኛው መቃብር እንደ ወጡ ማወቅ ሳይቻል ቀርቷል፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። በዚያ ላይ ዛሬ የተሠራ ምስል እንደ ጥንታዊ ተቆጥሮ ቢቀላቀል ጉዳቱ ይብሳል። ቅጂ የሚሠራ ሁሉ ምልክቱን በጭቃው ላይ እንዲቀርጽ እመክራለሁ፤ በቀለም የተጻፈ በቀላሉ ይፋቃል።