የት ሄደው ያውሩ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መብራት የለም፣ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ እንዲህ ያለ ድብርት ሲጫጫነኝ ይኸው የመጀመሪያው ነው። ምክንያት የለውም። ቡና እንዳላፈላ ደግሞ ብቻዬን ነኝ፤ ብቻን የሚጠጣ ቡና አይሆንልኝም።

ስልኬን ሳገላብጥ የትንሿ መልእክት ገባ። ትንሿን ታውቋታላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ናት። ትንሽ መባሉ ይቅርና መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ትገባለች። «አክስቴ፣ ብዙ ብር የማያስወጣ፣ ሁለት ሰው በደንብ ማውራት የሚችልበት ቦታ ታውቂያለሽ?» ትላለች። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ልጁን አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ነው ሰላም የሚለኝ።

«በደንብ ማውራት» ማለቷ ልቤን ነካው። ፎቶ የት ያምራል አላለችም። ማውራት ነው የፈለገችው።

ካፌ ልላት ነበር፣ ተውኩት። በነሱ ዕድሜ ካፌ ጭንቀት ነው። አስተናጋጁ መጥቶ «ምን ልጨምር?» ሲል ልጁ በሆዱ ብሩን ይቆጥራል፣ እሷ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሰፈር ሰው ገባ ብላ ትደነግጣለች። እንዲህ ሆነው ምን ያወራሉ? ሲኒማም አይሆንም። ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝም ማለት ነው።

እኔ የማምነው በእግር ነው። ገና የሚተዋወቁ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ቃል ይጠፋቸዋል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ሁለቱም የሚያዩት መንገዱን ስለሆነ አፍ ይፈታል። ዝም ቢባባሉም አያሳፍርም፣ እየሄዱ ነዋ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ደስ የሚል መንገድ ነው። ረጅም አይደለም፣ ሰው አይጠፋበትም፣ ዛፍ አለው። ጨዋታው ካላለቀ ዞሮ መመለስ ነው።

አምስት ኪሎ ላይ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ልጆች በትምህርት ቤት ጉብኝት ተሰልፈው፣ በመምህር እየተነዱ ስለሚያዩት ዳግመኛ የሚሄዱበት ቦታ አይመስላቸውም። ለሁለት ሰው ግን ሌላ ነው። ድንቅነሽ ፊት ቆሞ፣ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ይቺ ናት ብሎ ማሰብ ብቻውን ብዙ ወሬ ያመጣል። ለእይታ የተቀመጠው ቅጂው ቢሆንም ትንሽነቷ ያስገርማል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጨዋታ መጀመር የሚቸግረው ልጅ የሚያየው ነገር ሲኖረው «ይሄን አየሽው?» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይቀጥላል።

ፈተና ሲደርስ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላቸው። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የተማሪ መሰብሰቢያ ሆኗል። ውስጥ ማውራት ባይቻልም አብሮ አጥንቶ ሲወጡ ደረጃው ላይ የሚወራው ወሬ ጥሩ ነው። እንጦጦ ፓርክም አለ፣ ግን እሱ ከጓደኞች ጋር ሰብሰብ ብሎ ይሁን። ጫካው ውስጥ ለሁለት ብቻ መግባቱን አልወደውም። ባቡሩንም አስቤው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰሞን ትንሿን ይዣት ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ ሄደን ነበር፤ ሕፃን ነበረች፣ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ከተማውን ስትቆጥር ነው የደረስነው። አሁን ግን ሰው በሰው ላይ ነው፣ ለወሬ አይመችም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን በቆሎ ጥብስ። ወቅቱም ነው። ባለፈው ዝናብ አስጠልሎኝ አንዲት በቆሎ ጠባሽ ዘንድ ቆሜ ሁለት ተማሪዎች መጡ። አንድ በቆሎ ገዙ። ልጁ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ለሁለት ሰበረውና ወፍራሙን ግማሽ ለሷ ሰጣት። እሷ ፍሬውን በአውራ ጣቷ እየፈለፈለች፣ እሱ እንዳለ እየጋጠ፣ ጣታቸው ሁሉ ጥቀርሻ ሆነ። ስልኳ ጠራ። እጇን አየችና ተወችው። ዝናቡ እስኪያባራ ወሬያቸው አላቋረጠም። ስለ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፣ ከዚያ ስለ እሱ አያት፣ ከዚያ ስትታመም ማን እንደሚያስታምማት። ከሰማሁት የወደድኩት እሱን ነው፤ ስትታመሚ ማን አጠገብሽ ይሆናል ብሎ መጠየቁን። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ለማንም እመኛለሁ።

ትንሿም በቀን ትሂድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ቤቷ ትግባ፣ የታክሲዋን ራሷ ትክፈል፣ የት እንዳለች አንድ የምታምነው ሰው ይወቅ። ማውራት ካልተመቻት ደግሞ «ልሂድ» ብላ ትነሳ። ማንም አይቀየማትም፣ ቢቀየምም ይቀየም።

ይሄን እያሰብኩ ሐሳቤ ወደ እማዬ ሄደ። እነሱስ የት ነበር የሚያወሩት? እማዬ ምንጭ ወርደው ውሃ ሲቀዱ መንገድ ላይ ጨዋታ እንደነበር ታወራለች። ስለ ጥምቀት ስታነሳማ ፊቷ ይበራል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ሎሚውም፣ ዘፈኑም፣ አደባባይ መውጣቱም ወጣት ከወጣት እንዲተያይ ነበር፣ ያውም ሽማግሌ እያየ፣ ቄስ እያለ፣ እናት አባት ቆመው። ማንም አልተደበቀም። ከተማ ስንገባ አደባባዩ ቀረና መደበቁ መጣ። እኔና እሱ (ያኔ የማወራው ልጅ) ያንን የስድስት ኪሎ መንገድ ስንመላለስ የሰፈር ሰው ባየን ቁጥር በየፊናችን እንሄድ ነበር፤ እሱ ወደ መጽሐፍ አዟሪው፣ እኔ ወደ ታክሲው። ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነበረንም። ስለ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ አባቱ ሕመም፣ ስለ እግዚአብሔር ነበር የምናወራው። ግን እንደ ሌባ ነበር የምንሸሸው።

ትንሿም እንደዚያ እንድትሸሽ አልፈልግም። እህቴ ግን ብትሰማ ጣሪያው ይነሳል። «ትምህርቷ ላይ ታተኩር» ነው የምትለው። ክፉ ሆና አይደለም። በሴት ልጅ ስም ሰፈር ሲጫወትበት አይታለች፣ ሕይወታቸው የተበላሸ ልጆችም አይታለች፣ ፍርሃቷ ከዚያ ነው። እኔም እፈራለሁ። ግን የምትፈራ እናት ልጇን ቁጭ ብላ ብታናግር፣ ልጅቷ ስለዚያ ልጅ ለእናቷ ብታወራ፣ ለእኔ በስልክ የሚጻፍ ምስጢር አይኖርም ነበር። ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ይወራል፣ ውጤት ይወራል፣ የዘይት ዋጋ ይወራል። እናትና ልጅ ግን አያወሩም። እናታችንም ከእህቴ ጋር እንዲህ አላወራችም፣ ከየት ታምጣው?

ብደብቅላት መደበቅን ያስተማርኳት እኔ ልሆን ነው። ብናገር ደግሞ ከእንግዲህ ምንም አትጠይቀኝም፤ ሌላ ሰው ነው የምትጠይቀው፣ ያ ሰው ማን ይሆን? ነገ ከቅዳሴ በኋላ እህቴን «ታክሲው ይቅርብንና በእግር እንሂድ» ልላት አስቤያለሁ። ጎን ለጎን ስንሄድ ምናልባት ቀለል ይለኛል። ግን ከየት ነው የምጀምርላት? ከልጇ ነው ወይስ ከራሷ፣ በ11ኛ ክፍል ዕድሜዋ ከማን ጋር ማውራት ትፈልግ እንደነበር ከመጠየቅ?