ሌንሱን ያላበው ጠዋት

ከዐሥር ዓመት በላይ የሠርግ ፎቶግራፍ ሳነሣ ስለ ብርድ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ወፍራም ጃኬት መልበስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ የጥር ጠዋት ቢቆረጥምም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ካፖርት ያስወልቃል፣ ትልቁም ሥራ የሚጀመረው ረፋዱ ላይ ነው። ያን ቀን ግን የተጠራሁት ከእንጦጦ ወዲያ፣ ሱሉልታ ሜዳ ዳር ወደሚገኝ የሙሽራ ቤት ነበር።

ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለያት አንድ ተራራ ስለሆነ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ የወረደ ሰው ከከተማው ብዙ የራቀ አይመስለውም። ነገር ግን በበጋ ሌሊት የሁለቱ አየር አንድ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና አያገኝም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድራል፣ ከዙሪያው ኮረብቶች የሚንሸራተተው ቀዝቃዛ አየርም እንደ ውኃ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ይህ ሲሆን፣ በሰው ቁመት ልክ ያለው አየር ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ እንኳ ሣሩ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዝና ውርጭ ለብሶ ይነጋል። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው፤ አጥንት የሚሰብረው ብርድ ግን በጋ በምንለው ወራት መምጣቱ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ የዕለቱን መርሐ ግብር ሲነግረኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ አንድ ጉዳይ ነበር። ያሳደጓት ወንድ አያቷ መራመድ ስለተሳናቸው ወደ አዳራሹ አይሄዱም፤ ስለዚህ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ ግርግሩ ሳይጀመር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ እሳቸውም ይመርቋታል። «ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህች አንዷ እንዳትቀርብን» አለኝ። እኔም እንዳትጨነቅ አልኩት። ይህን ያልኩበትን ድምፅ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ በጣም እርግጠኛ ነበርኩ።

እርግጠኛ የሆንኩትም ለብርዱ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነው። የካሜራዬ መመሪያ መሣሪያው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ መሠራቱን እንደሚናገር አውቃለሁ፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካል እንቅስቃሴው ስለሚዘገይ ያለውን ኃይል መስጠት እንደሚያቅተው፣ ሲሞቅ ደግሞ አብዛኛውን መልሶ እንደሚያገኝም ሰምቻለሁ። ስለዚህ አራቱን መጠባበቂያ ባትሪዎች ለረዳቴ ሰጥቼ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ፣ ደረቱ ላይ እንዲይዛቸው አዘዝኩት። ልጁ እነዚያን ባትሪዎች እንደ ጫጩት አቅፏቸው ሄደ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ካሜራውንና ሌንሶቹን ነው፤ የፒክአፑ ጋቢና በእኛና በመብራት ዕቃ ስለተጨናነቀ የካሜራውን ቦርሳ ከኋላ፣ ክፍቱ ላይ ጭነነው ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን።

ከሙሽራዋ ቤት በፊት ሜዳው ላይ መቆም የኔ ሐሳብ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። ለአልበሙ መክፈቻ የሚሆን ሰፊ ሥዕል ፈልጌ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረስን፤ የድርቆሽ ክምሮቹ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለዋል፣ ከላሞቹ አፍንጫ የሚወጣው እንፋሎት በጎሕ ብርሃን ይታያል። ነጭ ነገር ሲበዛበት ካሜራ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሁሉንም ወደ ግራጫ ያወርደዋል፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌ ውርጩ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ አደረግሁ። አንዱ ባትሪ ሞልቶ ሳለ በድንገት ቀይ ሲያበራ ከረዳቴ ኪስ ሞቃቱን ተቀብዬ ቀየርኩና ቀጠልኩ። ፀሐይዋ ሩብ ጉዳይ ለአንድ ላይ ብቅ ስትል «አንድ ብቻ ልጨምር» እያልኩ ሃያ ጨመርኩ። ጣቶቼ ቁልፉን መጫን ሲያቅታቸው ነው የተውኩት። እነዚያ ሥዕሎች፣ ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ፣ በሕይወቴ ካነሣኋቸው የሚያምሩት ናቸው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ሙሽራዋ ቤት ደረስን። በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝ ሙቀት ደስ አለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ታጭቋል፤ ከጓዳ የድስቶቹ እንፋሎት ይመጣል፣ ጥግ ላይ ማንደጃ ተጥዶ ቡና ይፈላል፣ ወለሉ ላይ እርጥብ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። አያትየው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ነጭ ቡሉኮ ደርበው ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ከወዲያኛው ክፍል ልብሷን ሰብስባ ብቅ ስትል ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሣሁ፤ የታየኝ ወተት ነው።

መጀመሪያ የዕጣኑ ጭስ መሰለኝ። ሌንሱን ዘቅዝቄ ሳየው ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ላብ አጥምቆታል። በጨርቅ ጠረግሁት፤ እስከ ሦስት ሳልቆጥር ተመልሶ ሸፈነው። ደግሜ ጠረግሁት፤ ደግሞ ሸፈነው። የሆነው ነገር ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያልበው ዓይነት ነው፤ ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን የተሸከመውን ውኃ እዚያው ይጥለዋል። የክፍሉ ሙቀት 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 ከመቶ ቢሆን ከ16 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ጤዛ ይይዛል። የኔ ሌንስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት መኪና ላይና ውርጭ መካከል የቆየ ብረትና መስታወት ነው። ጨርቅ ውኃውን ያነሣል እንጂ መስታወቱን አያሞቀውም። ይህን ሁሉ ዛሬ በእርጋታ እጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የማስበው ሰዎቹ እያዩኝ መሆናቸውን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሌንሱ የተበላሸ መስሎኝ ከቦርሳው ሌላ አወጣሁና እዚያው በእንፋሎቱ መካከል ቀየርኩት። ሁለተኛው ሌንስም ከዚያው ቦርሳ የወጣ ስለሆነ በእጄ ላይ እያለ አላበው፤ በዚያ ላይ ካሜራው አፉን በከፈተበት ቅጽበት እርጥቡ አየር ወደ ውስጥ ገብቶ ከዚያ በፊት ደርቆ የነበረውን የውስጥ መስታወትም አለበሰው። አሁን ጨርቅ የማይደርስበት ቦታ ጤዛ ያዘ ማለት ነው። ፍላሹን አበራሁ፤ ብርሃኑ ጤዛው ላይ ተበትኖ ሥዕሉን ይበልጥ አነጣው። አንዲት እናት አዝነውልኝ «ማንደጃው ላይ ያዝ አድርገው ልጄ» አሉኝ። ከሰል ላይ ሌንስ መያዝ ማጣበቂያውን እንደሚያላቅቅ እያወቅሁ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ማንደጃው ተራምጄ ነበር።

በዚህ መካከል ሙሽራዋ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስማለች። አያትየው ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በቀስታ እየመረቁ፣ ቤቱም በአንድ ድምፅ «አሜን» እያለ ነው። ዞር ስል ረዳቴ ስልኩን አውጥቶ ደግኗል። እኛ ጋ ሥራ ላይ ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ደንበኛ ሲያየው ብዙ ገንዘብ የከፈለበትን ሥራ በስልክ የምንሠራ ይመስለዋል ብዬ ያወጣሁት ደንብ ነው። በዚያ ሁሉ እፍረት ላይ ይህን ሳይ ቆጣ ብዬ «ስልክህን አስገባ!» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ አስገባ።

ምርቃቱ አለቀ። ሙሽራዋ ዓይኗን እየጠረገች ስትነሣ ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ፣ ካሜራዬ ችግር ስለገጠመው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጃቸውን እንዲሁ ራሷ ላይ ቢያደርጉልኝ ብዬ በአክብሮት ለመንኳቸው። አያትየው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ምርቃት ለሥዕል ተብሎ አይደገምም፤ ያው ተቀብላዋለች» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ወንድሟ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እሱ አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ።

ሌላው የቀኑ ሥራ የሚነገር የለውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሌንሱ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ጠራ፤ የሙሽራው መምጣት፣ የበሩ ላይ ግርግር፣ አዳራሹ፣ ኬኩ ሁሉ እንደ ወጉ ተነሣ።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ከምርቃቱ ያገኘሁት ሃያ ሰባት ወተት ነው። ጥቁሩን አጥቁሬ፣ ንፅፅሩን ጨምሬ ቢያንስ የሰው ቅርጽ አወጣሁ፤ የአያትየውን ዓይን ግን ከየት ላምጣው? ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረዳቴ በቴሌግራም ሦስት ፎቶዎች ላከልኝ፤ ከሥራቸው «ጋሼ፣ ሳይቆጡኝ በፊት ያነሣኋቸው ናቸው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሦስቱም ጥርት ያሉ ነበሩ። በአንደኛው እጆቹ ገና እየወረዱ፣ በሁለተኛው ራሷ ላይ ዐርፈው፣ በሦስተኛው ደግሞ አያትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ይታያሉ።

ስልኩ ለምን አላላበውም ብዬ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ልጁ ስልኩን የያዘው ባትሪዎቹን ባቀፈበት ኪስ ነው። ሌሊቱን በሙሉ ደረቱ ላይ ሲሞቅ ያደረ ስልክ ወደ ሞቃት ቤት ሲገባ ጤዛ የሚጥልበት ምክንያት የለም። ብርዱ ከቤት ውጭ ካሜራዬን ምንም አላደረገውም፤ ውርጩ ላይ ሆኖ ያን የመሰለ ሥዕል አንሥቷል። ያሸነፈኝ የቤቱ ሙቀት ነው፤ ለእሱ አንዲት ዝግጅት አላደረግሁም። በማግስቱ ልጁን ከነስልኩ አስጠርቼ ዋናዎቹን ፎቶዎች ገለበጥኩ፤ ቴሌግራም ሲያሳልፍ ስለሚያሳንሳቸው ለኅትመት አይሆኑም ነበር። ይቅርታም ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ከእኔ ይልቅ አፈረ።

አልበሙን ያስረከብኩት ለወንድሟ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ የተዘረጋውን የውርጭ ሜዳ ገለጥ አድርጎ «ይህን እንኳ በየቀኑ እናየዋለን» አለና አለፈው። የአያትየው ፎቶ በደብዛዛ ብርሃን በስልክ የተነሣ ስለሆነ ሲያድግ ይሻክራል፤ በዚህ ምክንያት ከፖስታ ካርድ ብዙም በማይበልጥ ልክ አትሜው ነበር። ያንን ገጽ ሲያገኝ ቆመ። ከቀሪው ክፍያ ግማሹን እንደማልቀበለው ነገርኩት፤ አልተከራከረኝም፣ እኔም እንዲከራከረኝ አልጠበቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የካሜራ ቦርሳ መኪና ኋላ ላይ አይጫንም። ብርድ ላይ ከሠራሁ በኋላ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት፣ ገና ውጭ ሳለሁ፣ ሚሞሪ ካርዱንና ባትሪውን አወጣለሁ፤ ካሜራውን ከነሌንሱ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ከትቼ አየር እንዳይገባው አጥብቄ አስረዋለሁ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል፤ መሣሪያው ውስጥ ሆኖ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶችም ሰብስቤ አብሬ እከታቸዋለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለተኛ ካሜራ ሲኖር ነው፤ እሱን ረዳቴ ይዞ በማለዳ ቀድሞ ቤት ይገባል፣ እኔ ውርጩ ላይ ስንቀዋለል የሱ ካሜራ ከእንግዶቹ ጋር ይሞቃል። ስልክን የሚመለከተው ደንብም ተሽሯል።

ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ ሰንዳፋ አካባቢ ለሥራ በማለዳ ተጠርቼ፣ የታሠረውን ፌስታል በሁለት እጄ ይዤ ወደ ሳሎን ስገባ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት በፈገግታ ተቀበሉኝ።

«ደግ አደረግህ ልጄ፣ ዳቦ ነው? ወዲህ በለውና እንቁረሰው።»

«ካሜራ ነው እማማ፤ በርዶት እኮ ነው።»

ፌስታሉን ዳበስ አድርገው አዩትና «ታዲያ ጋቢ አልብሰው እንጂ፣ በፌስታል ደግሞ ማን ይሞቃል?» አሉኝ።