«ወደ እኔ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም»

ጌታ ስሙ ይባረክ። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከበሽታ ስለ መፈወስ ወይም ከአደጋ ስለ መትረፍ መመስከር ይቀላል። «በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያገለገልሁ፣ እየዘመርሁ፣ የጠፋሁ መስሎኝ ነበር» ማለት ግን ይከብዳል። ዛሬ ግን እግዚአብሔር ያደረገልኝን ዝም ማለት አልቻልሁም።

ያደግሁት ጌታን በሚወዱ ወላጆች እጅ ነው። ጌታን የማልወድበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ «የዳንሁበት ቀን» ብዬ የምጠራው ቀን የለኝም። ይህ አስጨንቆኝም አያውቅም ነበር።

አንድ እሑድ አንድ እንግዳ ሰባኪ ስለ እንግሊዛዊው ወንጌላዊ ስለ ጆን ዌስሊ ሰበከ። ዌስሊ ቄስ ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሮ ወንጌል ሊሰብክ ሄዷል። መዳኑን ግን እርግጠኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1738 ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በሚባል ጎዳና ወደነበረ ስብሰባ፣ እምብዛም ሳይወድ ሄደ። እዚያ አንድ ሰው የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መቅድም ያነብ ነበር። ከምሽቱ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ልቡ ሲሞቅ ተሰማው። በክርስቶስ ብቻ እንደታመነ፣ ኃጢአቱም እንደተወገደለት እርግጠኛ ሆነ። ሰባኪው ይህን ከተረከ በኋላ «ዌስሊ ሰዓቱን ሳይቀር ያውቃል። አንተስ? አንቺስ?» አለ።

ጥያቄው ብዙ ሰው እንዳነቃ አውቃለሁ። ለዚያም ጌታን አመሰግናለሁ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ወራት አለፉ። «ጌታ ሆይ አድነኝ» እያልሁ ጸለይሁ፣ ደግሜ ጸለይሁ፣ በትክክል አልጸለይሁ ይሆናል ብዬ እንደገና ጸለይሁ፣ የጌታን እራት መውሰድም አቆምሁ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ።

ባለቤቴ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበር። የማቴዎስን ወንጌል በተራ እያነበብሁ ነበርና ምዕራፍ 12 ላይ ደረስሁ። «ኃጢአትና ስድብ ሁሉ ለሰዎች ይሰረይላቸዋል፥ ነገር ግን መንፈስ ቅዱስን ለሰደበ አይሰረይለትም» የሚለው ላይ ዓይኔ ቆመ። በዚያችው ቅጽበት አንድ ክፉ ቃል በአእምሮዬ ውስጥ ብልጭ አለ። ምን እንደሆነ አልጽፈውም። አልፈለግሁትም፣ አልጠራሁትም፣ ግን መጣ። በሁለት እጄ አፌን ያዝሁ። በአፌ ያልሁት ይመስል።

እንዳይመጣ ስታገለው ባሰበት። መብራቱን አበራሁ። ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተመላለስሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እጄ ቀዘቀዘ። «አለቀ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። «አለቀ፣ ተፈጸመ፣ ከዚህ በኋላ ምሕረት የለም።» መጽሐፍ ቅዱሱን ስገልጥ ዕብራውያን 6 ላይ «ለንስሐ እነርሱን ማደስ የማይቻል ነው» የሚለው ወጣ። ዘጋሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የምዘምረውን መዝሙር ለማዜም ሞከርሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳልጨርስ ድምፄ ተቆረጠ። «አንቺ ደግሞ በምን አፍሽ ትዘምሪያለሽ?» አለኝ ልቤ።

ተንበረከክሁ። መጸለይ አቃተኝ። ወለሉ ላይ ተደፋሁና ዝም አልሁ። ሰዓቱ ምን ያህል እንደሄደ አላውቅም። ጎኔ ሲደነዝዝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር። እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። «የማትፈልገኝ ከሆነ ለምን እንድወድህ አደረግህ? ከልጅነቴ ጀምሮ ስምህን እየጠራሁ አሳድገህ፣ በመጨረሻ ‹አላውቅሽም› ልትለኝ ነው?» አልሁት። ጮኼ ነው ያልሁት። ሰማይና ምድርን የፈጠረውን አምላክ ጨካኝ አልሁት። ደግሞም ያን ስል እንባዬ አልመጣም። ደርቄ ነበር።

(ኋላ ላይ ሉተርም ይህን መንገድ እንዳለፈ ተረዳሁ። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1545፣ የምንኩስና ዘመኑን ሲያስታውስ፣ ነቀፋ የሌለበት መነኩሴ ሆኖ ሳለ ኃጢአተኞችን የሚቀጣውን ጻድቅ አምላክ ይጠላው እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ይህን ሳነብ አለቀስሁ። ለካ ብቻዬን አልነበርሁም!)

በዚያ ሁሉ መካከል መዝሙር 88 ትዝ አለኝ። ያን ሌሊት ማን እንዳስታወሰኝ አሁን አውቃለሁ። ከመዝሙራት ሁሉ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ግን የሚጀምረው «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ነው። ሰውዬው በጨለማ ውስጥ ሆኖ እግዚአብሔርን ይወቅሳል፣ የሚወቅሰውን ግን «መድኃኒቴ» ይለዋል። ወቀሳዬም ጸሎት ሊሆን ይችላል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብሁ። ያቺ ሐሳብ ስልኬን እንዳነሣ አቅም ሰጠችኝ።

የደወልሁት በቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ዘመን ላስተማሩ አንድ አባት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ እግዚአብሔር ዘመንዎን ይባርክ። ባለቤትዎንም ጌታ ያክብርልኝ፤ ስልኩን ያነሡት እሳቸው ናቸውና ድምፃቸው ላይ ቅሬታ የሚባል አልሰማሁም።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ክፉውን ቃል፣ ቁጣዬን፣ ሁሉንም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ አሁን ጌታ እዚያ ክፍል ቢገባ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«እግሩ ላይ እወድቃለሁ» አልሁ። «ማረኝ እለዋለሁ። እንዳትተወኝ እለዋለሁ።»

«ጌታ ያን የማቴዎስ 12 ቃል የተናገራቸው ፈሪሳውያን እንዲህ ያሉት ይመስልሻል?»

መልስ አጣሁ።

«እነሱ ዕውርና ዲዳ የነበረው ሰው ሲፈወስ በዓይናቸው አይተዋል» አሉ። «አይተውም ‹በአጋንንት አለቃ በብዔል ዜቡል ነው› አሉ። ማርቆስ ምዕራፍ 3 ላይ ጌታ ያን የተናገረው ‹ርኩስ መንፈስ አለበት ይሉ ስለ ነበር ነው› ብሎ ያብራራዋል። ልባቸውን አደንድነው፣ ብርሃኑን እያዩ ጨለማ ነው አሉ። ምሕረት አልፈለጉም፣ አልለመኑም። አንቺ በሌሊት ወለል ላይ ተደፍተሽ ምሕረት ትለምኛለሽ። ያልፈለግሽው ሐሳብ አእምሮሽን ስላለፈ ፈሪሳዊ አትሆኚም።»

ከዚያ ዮሐንስ 6፥37ን እንድከፍት ነገሩኝ። አነበብሁላቸው፦ «ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም።»

ይህን ጥቅስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለሕፃናት አስተምሬዋለሁ። ግን ወዲያው «የመጣሁት በእውነት ባይሆንስ? እምነቴ የውሸት ቢሆንስ?» አልሁ።

«ልጄ፣ አንቺ ስለ አመጣጥሽ ትጨነቂያለሽ» አሉኝ። «እዚህ ላይ ጌታ የሚናገረው እሱ ስለሚያደርገው ነው። አላወጣውም አለ። ያለው እሱ ነው። ጥንት መጥተሽ እንደሆነ መመርመሩን ለጊዜው ተዪው። አሁን ነይ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ጸለይሁ። «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ በፊት በእውነት መጥቼ እንደሆነ አላውቅም። መጥቼም ከሆነ፣ ሳልመጣ ቀርቼም ከሆነ፣ ይኸው አሁን መጣሁ። አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው። አላወጣም ብለሃል።» ጸሎቴ ይኸው ነበር። አሜን ስል እሳቸውም በዚያ በኩል አሜን አሉ። ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ልቤ አልሞቀም። እንደ ዌስሊ የሆነ ነገር እጠብቅ ነበርና «ጋሼ፣ ምንም አልተሰማኝም» አልኋቸው። ያኔ ነው ሰባኪው ያልነገረንን የነገሩኝ። ዌስሊ ያን ምሽት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በፈተና ክፉኛ ተናውጧል። ሲጮኽ ፈተናው ይሸሻል፣ ደግሞ ይመለሳል። ይህን ራሱ ዌስሊ ጽፎታል። ልቡ በሞቀባት በዚያችው ምሽት! «መሞቁ የሚሰጠው እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉኝ ጋሼ። «የሚያድንሽ ግን የሞቀው ልብሽ አይደለም፣ የተሰቀለው ጌታ ነው። በይ አሁን ተኚ።»

ተኛሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ ፍርሃት ተኛሁ። ጸሎቴ የተመለሰው እዚያ ነው ብዬ እመሰክራለሁ።

ማለዳ ስነቃ ክፉው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ለረጅም ጊዜም ተመላለሰ። እዚህ ላይ አንዲት እህቴን ማመስገን አለብኝ፤ ነርስ ናት። ሰው በማይፈልገው ሐሳብ ተይዞ፣ ለመረጋጋት ሲል አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርግበት የታወቀ ሕመም እንዳለ፣ ሕክምናም እንዳለው የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ጸሎትን ነበር እንደዚያ የምደጋግመው። አብራኝ ወደ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙም ሐሳቡ ሲመጣ ሳልታገለው እንዲያልፍ መተውን አስተማረኝ። አንዳንድ ሰዎች «እምነት ካለሽ ሐኪም ምን ያደርግልሻል?» ብለውኛል። እኔ ግን ሐኪሙም ለጸሎቴ ከመጡት መልሶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ «አሁንም?» ብሎኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ እድገት ደግሞ ይህን ልበል። በፊት ቃሉን የማነበው ራሴን ለመፈተን ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የምፈልገው «ድኛለሁ ወይስ አልዳንሁም?» የሚለውን ብቻ ነው። እህል ዘርቶ በየማለዳው አፈሩን እየጫረ በቀለ አልበቀለ የሚያይ ሰው ሆኜ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ምን ያድጋል? ጴጥሮስ «በጸጋና እውቀት እደጉ» ሲል፣ እኔ ካደግሁ በኋላ ጸጋውን የማገኝ ይመስለኝ ነበር። ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች «በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?» ሲላቸው እኔንም ይመለከት ነበር።

ጸጋው ያዝ ሲያደርገኝ ግን ሰነፍ አልሆንሁም። ይህን የምለው «እርግጠኝነት ሰውን ያዘናጋል» ሲባል ስለምሰማ ነው። ቲቶ 2 ላይ የእግዚአብሔር ጸጋ ኃጢአትን እንድንክድ እንደሚያስተምረን ተጽፏል። እኔ ላይ ያየሁትም እሱኑ ነው። ለዓመታት ያኮረፍኋትን ዘመዴን ይቅርታ ጠየቅሁ። በፊት ይቅርታ መጠየቅ ያስፈራኝ ነበር፤ በደሌን ካመንሁ «አልዳንሁም ማለት ነው» እል ነበርና። አሁን ኃጢአቴን ስናዘዝ ቤት ውስጥ እንዳለች ልጅ ሆኜ ለሰማዩ አባቴ ነው የምናዘዘው። ከደጅ አይደለም። ጸሎቴም ተለወጠ። ስለ ራሴ ብቻ ሳልለምን፣ ስለ ሌላ ሰው ረጅም ጸሎት ጸልዬ ስነሣ ገረመኝ።

የጌታን እራትም ወሰድሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስለ እናንተ የሚሰጠው ሥጋዬ ይህ ነው» ሲባል፣ «እናንተ» ውስጥ እኔም አለሁበት አልሁ። ጎኔ የተቀመጠችው እህት ምንም ሳትጠይቅ እጄን ያዘችኝ። ተባረኪ።

ዛሬ ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቅርቡ አንዲት ወጣት እህት ከአገልግሎት በኋላ ጠብቃኝ «መንፈስ ቅዱስን የሰደብሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ፊቷን ሳይ ያቺን ሌሊት አየኋት። ጋሼ የጠየቁኝን ጠየቅኋት። አለቀሰች። አሁን በየሳምንቱ እየተገናኘን የዮሐንስን ወንጌል አብረን እናነባለን፤ ሐኪም ጋርም ቀጠሮ ይዘንላታል። ገና አላረፈችም። አንዳንድ ቀን ትስቃለች፣ በማግስቱ ደግሞ በሌሊት ትደውላለች፤ እኔም አነሣላታለሁ። ስሟን ጌታ ያውቀዋል። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ጸልዩላት።