አብሽሪ

ባለፈው ሳምንት የደሴ ጓደኛዬ በድምፅ መልዕክት ላከችልኝ። «አንቺማ ታድለሽ! መካ አፍንጫሽ ሥር ነው። እዚያ ሆኖ ምን ያስፈራል?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከጅዳ መካ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከግቢ የምወጣው ቆሻሻ ልጥል ብቻ ነበር።

ስለ ፍርሃቱ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንዲት ቃል።

አብሽሪ። ወሎ ያደገ ሰው ትርጉሟን አይጠይቀኝም። ለቅሶ ለተቀመጠም፣ ፈተና ለወደቀም፣ ስኳር ላለቀበትም አብሽር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይላታል። ቃሏ የዐረብ ናት፣ ከምሥራች ጋር ዘመድ ናት። እኛ ዘንድ «አይዞሽ፣ ፈጣሪ አለ» ማለት ናት።

በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ማዳም፣ አሠሪዬ፣ ወጥ ቤት ገብታ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። ማታ 30 እንግዳ አለባት። አንጀቴን በላችው። ትከሻዋን ነካ አድርጌ፣ በሙሉ የወሎ ልቤ «አብሽሪ» አልኳት። ፊቷ በራ። ተነሥታ ሄዳ ተኛች።

ለካ እዚህ አገር ሰው ሲያዝሽ «አብሽሪ» ካልሽ «እሺ፣ ለኔ ተይው» ማለትሽ ነው! ከብሳ የሚሉትን የሩዝና የሥጋ ምግባቸውን ቀምሼ እንኳ አላውቅም። ሩዙ ገንፎ ሆነ። ማዳም እንግዶቹ ፊት ጠርታ አቆመችኝና «አብሽሪ ያለችኝ ይቺ ናት» አለች። ሳቁብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ «አብሽሪ! ውኃ!» ይሉኛል። እናቴ ደውላ «አብሽሪ ልጄ» ስትለኝ እንኳ ከተቀመጥኩበት ብድግ እል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሚሠራው ሰው መታፈስ ሲጀምር እኔ ከዚያ ቤት ጠፍቻለሁ። (እንዴት እንደጠፋሁ ይቅር።) አምስት የወሎ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍተን ተቀመጥን። በር በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሻችን ቀጥ ይላል። አንዷ «ከችግር ጋር ምቾት አለ» የሚለውን አንቀጽ ትደጋግማለች። ቁርኣኑም እኮ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ነው የሚለው። የወረኢሉዋ ልጅ ክርስቲያን ናት፤ ከኢሳይያስ «እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ» የሚለውን በሹክሹክታ ትላለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።

ሊነጋ ሲል የወረኢሉዋ ልጅ እጄን ያዝ አድርጋ «አብሽሪ» አለችኝ። ብድግ አላልኩም። አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ። በሩ እንደዚያው ነው፣ ፖሊሱም ውጭ ነው፣ እኔ ግን ተኛሁ። ያን ቀን የማዳም እንቅልፍ ትዝ አለኝ። አንዲት ከሰው አፍ የወጣች ቃል ላይ ተማምና ነበር እንደዚያ የተኛችው።

በሳምንቱ እጃችንን ሰጥተን አገር ገባን። ያን ሰሞን ከ160 ሺሕ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። እናቴ ለጸሎት ወዳጃ ተቀምጣልኝ፣ ጎረቤታችን ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ተስላልኝ ጠበቁኝ። የማንኛችን ጸሎት ነው የመለሳት ብለው ዛሬም ቡና ላይ ይከራከራሉ።

አሁን የመጣሁት በሕጋዊ ውል ነው። ውሉን አስተርጉሜ፣ አንዱን ቅጂ ለእናቴ ትቼ። «ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» የሚለውን ሐዲስ የማያውቅ የለም። የኛ ሰው ግን ግመሉን ሰኞ ባቲ ገበያ ሸጦ፣ ብሩን ለደላላ ሰጥቶ ነው «ተወከልቱ፣ በአላህ ተመካሁ» የሚለው። እህቴ፣ ፈጣሪ የሰጠው ቃል ላይ የደላላውን ፊርማ አትጨምሪበት። የባሕሩንና የበረሃውን መንገድ ደግሞ አታስቢው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በድምፅ ላክሁላት። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ወዲያው መለሰችልኝ፦

«አብሽሪ፣ ደላላው ዘመዳችን ነው።»