ውድ ከሰል ገዝቼ ከወንፊት የተማርኩት

ነገሩ የጀመረው ባፈርኩበት እሁድ ነው። እንግዳ ጠርቼ፣ ጓሮ ውስጥ ስጋ ጠብሼ አበላችኋለሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ከሰሉን ያነሳሁት ከሁሉም ርካሽ ከነበረው ከረጢት ነው። ከሰል ከሰል ነው፣ ጥቁር ሆኖ እስከነደደ ድረስ ምን ልዩነት አለው የሚል አቋም ነበረኝ። ግማሽ ሰዓት አራገብኩ። ጭሱ ግን አልቆም አለ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘው ነፋሱን እየሸሹ ግቢውን ይዞራሉ። ሰው ራበው። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ስጋውን ጫንኩት። እናቴ አንዴ ቀመሰችና ሳህኗን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ልጄ፣ ስጋው ጥሩ ነው። ከሰሉን ግን ለብቻው ብታቀርብልን ይሻል ነበር» አለችኝ።

በሳምንቱ በንዴት ውዱን ገዛሁ። ዋጋው የርካሹ ሁለት እጥፍ ነው። ከረጢቱ ወፍራም፣ ጽሑፉ ያማረ፣ «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል በትልቁ የተጻፈበት። እሱ ደግሞ አልነድም አለኝ። አንዳንዱ ቁራጭ የክንዴን ያህል ነው። አርባ ደቂቃ ጠብቄ ገና ግማሹ ጥቁር ነበር። በርካሹ ጭስ፣ በውዱ ረሃብ! ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በሚዛን ለማየት የወሰንኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከንቱ ሆነ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ባልዲ ሰፍሬ አነደድኳቸው። ውዱ እጅግ ቆየ። «ይኸው፣ ዋጋው በከንቱ አይደለም» ብዬ ለባለቤቴ ሳወራ ቆየሁና፣ ባልዲዎቹን መመዘን ትዝ አለኝ። ለካ የውዱ ባልዲ በክብደት በጣም ይበልጥ ነበር። ጥቅጥቅ ካለ ጠንካራ እንጨት የሚወጣው ከሰልም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከቀላል እንጨት የሚወጣው ደግሞ ቀላል። በኪሎ ሲታይ ግን በደንብ የከሰለ ከሰል ከየትኛውም ዛፍ ቢመጣ የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ በኪሎ 30 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ። ደረቅ እንጨት የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። እኔ በባልዲ በሰፈርኩ ቁጥር ለውዱ ነዳጅ እያበዛሁለት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ነገር በኪሎ አደረግኩ።

ሁለተኛው ስህተቴ ቀኑ ነበር። አንዱን ነፋስ ባለበት፣ ሌላውን ጭር ባለ ቀን ማንደድ ማወዳደር አይባልም። ነፋስ ራሱ አራጋቢ ነው። ስለዚህ ከወንድሜ አንድ ምድጃ ተውሼ፣ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ግቢ ማንደድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ግን ከረጢቶቹን ሸራ ላይ ዘረገፍኳቸው። ሁለቱም አምስት አምስት ኪሎ የሚሉ ናቸው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው ለካ ለከሰል ከረጢትም ይሠራል! ላይ ላዩ የሚያምር ቁራጭ፣ ከታች ብናኝ። መጀመሪያ የማጀቱን ወንፊት አምጥቼ ሞከርኩ። ቀዳዳው ደቀቀብኝ፣ ከባለቤቴም ጋር አጣላኝ። ቀጥሎ ግንበኞች ትተውት የሄዱትን የአሸዋ ወንፊት አነሳሁ፤ ቀዳዳው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከርካሹ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ብናኝ ወረደ። ከውዱ ሦስት መቶ ግራም። ርካሹ ውስጥ በዚያ ላይ ሦስት ጠጠር፣ አንድ ቁራጭ ሽቦና አራት ያልከሰለ እንጨት ነበር።

ከአራቱ አንዱን ሰበርኩት። ውጪው ጥቁር ነው፣ ከሌላው አይለይም። ውስጡ ግን ቡና ዓይነት፣ ጭረቱ የሚታይ፣ ሲያሸቱት የተለበለበ እንጨት የሚሸት። ለመስበርም አስቸገረኝ፤ ቀጭ ማለት ሲገባው እንደ እንጨት ተሰነጠቀ። የዚያ እሁድ ጭስ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ከሰል ሲከሰል እንጨቱ አየር አጥሮት ነው የሚግለው። መጀመሪያ ውሃው ይወጣል። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ እንጨቱ ራሱ ይፈርሳል፤ ጋዝና ሬንጅ የሚመስል ነገር እየተነነ ይወጣል። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከቀረው ውስጥ ሦስት አራተኛውና ከዚያም በላይ ካርቦን ብቻ ነው። አክሳዩ ቸኩሎ ካወጣው ግን ያ ሁሉ ጋዝ ውስጡ እንደታመቀ ይቀራል። እሱ ያልጨረሰውን ሥራ የኔ ምድጃ ይጨርሳል፣ ጭሱን ደግሞ እንግዶቼ ይጠጡታል። ማክሰል የትዕግስት ሥራ ነው። ጋዙ በወጣ ቁጥር ከሰሉ ጥራቱ ይጨምራል፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ይሄ ፈተና ነው።

ውዱም ከጉድ አላመለጠም። ከመካከሉ ቀጥ ብለው በመጋዝ የተቆረጡ ቁራጮች አገኘሁ። የዛፍ ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፤ እነዚህ የእንጨት ሥራ ትርፍራፊ ናቸው። ንጹህ ጣውላ ከሆነ ችግር የለውም፣ እሱም እንጨት ነው። ሁለቱ ላይ ግን ቀለም የሚመስል ነገር ስላየሁ መቶ ግራም ያህል አውጥቼ ጣልኩ። ቀለም፣ ማጣበቂያ ወይም ኬሚካል የነካው እንጨት ምግብ ስር አይነድም። ይሄ ላይ ድርድር የለኝም።

ለማቀጣጠል የተጠቀምኩት ታችና ላዩ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ ነው። ከስር ሁለት ገጽ ጋዜጣ፣ ከላይ አንድ ኪሎ ከሰል። እሳት ወደ ላይ ስለሚወጣ አየሩን ከስር እየሳበ ራሱን ያራግባል። የማቀጣጠያ ፈሳሽ አልነካሁም፤ ሽታው ውጤቱን ያበላሽብኛል ብዬ። የተነፋው ርካሹ በ15 ደቂቃ ፍም ሆነ። ውዱ 25 ደቂቃ ፈጀ። በሚቀጥለው ዙር የውዱን ትልልቅ ቁራጭ በመዶሻ መትቼ የእንቁላል መጠን ሳደርገው 17 ደቂቃ በቃው። ያ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ንዴት የጥራት ሳይሆን የመጠን ጉዳይ ነበር! ትልቅ ቁራጭ ቀስ ብሎ ይያዛል፣ ቆይቶ ይጠፋል። ትንሹ ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። ብናኝ ግን ከሁለቱም አይደለም። በቁራጮቹ መካከል ይገባና አየሩን ይዘጋል፤ እሳቱ ታፍኖ ይጨሳል።

ሙቀቱን የለካሁት ክዳኑ ላይ ባለው ቴርሞሜትር ነው። ሁለቱም ከፍ ያሉበት ጫፍ ያን ያህል አልተራራቀም። የተለያዩት በቆይታ ነው። ሳይነፋ እንደመጣ የነደደው አንድ ኪሎ ርካሽ ከሰል ከ180 ዲግሪ በላይ 50 ደቂቃ ቆየ። ተነፍቶ 65 ደቂቃ። ውዱ 75። እኔ የሁለትና የሦስት ሰዓት ልዩነት ጠብቄ ነበር። ርካሹን በአንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያስረዘመለት የአሸዋ ወንፊት ነው፤ ከወንፊቱ በኋላ ለውዱ የተረፈለት ብልጫ አስር ደቂቃ ብቻ ሆነ።

በአመድ በኩል ግን ውዱ በግልጽ በለጠ። ምድጃው በረደና አመዱን መዘንኩ። ከአንድ ኪሎ ርካሽ 60 ግራም፣ ከውዱ 25 ግራም። ለአጭር ጥብስ አይታወቅም። ለሦስትና አራት ሰዓት ሥራ ግን አመዱ ከስር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ ልክ ሙቀቱን በምትፈልጉበት ሰዓት እሳቱ ይደክማል። ለጥብስ ከሰል የወጣው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 1860-2፣ ቋሚ ካርቦን (ጋዙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከአመዱ ውጪ የሚቀረው) ከ75 በመቶ እንዳያንስ፣ አመድ ከ8 በመቶ፣ እርጥበትም ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ርካሹ በአመድ በኩል ከዚህ ገደብ አያልፍም፤ መጥፎ ከሰል ነው ማለት አልችልም። መጥፎው አብሮት የታሸገው ነገር ነው።

ሂሳቡንም ሠራሁት። ከርካሹ አምስት ኪሎ፣ ብናኙም፣ ጠጠሩም፣ ጥሬ እንጨቱም ሲወጣ፣ የሚነድ 3.6 ኪሎ ቀረኝ። ከውዱ 4.6። ለሚነደው ኪሎ የምከፍለው ሲሰላ ሁለት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወረደ። የሚቆይበትን ደቂቃ ስጨምርበት ደግሞ ውዱ በዋጋ የሚበልጠው በሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ይበልጣል ግን። «ውድ ከሰል ሲታሰብ ርካሽ ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በኔ ሚዛን አልሆነም።

የቀረው ጣዕም ነው። ጣዕም ላይ ሰው ሁሉ ሊቅ ነው። የዶሮ ብልቶች በአንድ ዓይነት ጨውና በርበሬ አዘጋጅቼ በሁለቱ ምድጃ ጠበስኩ። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ለቤተሰቡ አልነገርኩም። ወንድሜ በልበ ሙሉነት «ይሄ የውዱ ነው፣ ይታወቃል» አለ። የርካሹ ነበር። እናቴ «አንድ ናቸው፣ ደግሞ ጨው አንሶታል» ብላ ነገሩን ዘጋችው። የሚገርም አይደለም። ፍም ከሆነ በኋላ ከሰል እምብዛም ጣዕም የለውም። ያ የምንወደው የጥብስ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከስጋው የሚንጠባጠበው ስብ ፍሙ ላይ አርፎ ሲጨስ ነው። ሌላ ቀን ግን ሆን ብዬ ቸኮልኩ። ከሰሉ አመድ ሳይለብስ፣ ጭሱ ገና ነጭና ወፍራም ሆኖ ሳለ ዶሮውን ጫንኩት። የርካሹን ሁሉም ሰው ለየው፤ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት ነበረው። የውዱም ትንሽ ነበረው፤ ከሩቅ ቢሆንም።

ስለዚህ አሁን የምጠብቀው አመዱን ነው። ፍሙ ግራጫ ነጭ አመድ ለብሶ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ምንም አልጭንም። ከዚያ እጄን ከፍርግርጉ አንድ ስንዝር ከማይሞላ ከፍታ ላይ እዘረጋለሁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ካስቻለኝ ኃይለኛ ነው፣ ለቀጭን ስጋ ይሆናል። አምስት ስድስት ከቆየሁ መካከለኛ ነው፣ ለዶሮ። ቴርሞሜትር እያለ ይሄ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ ክዳኑ ላይ ነው ያለው፤ ስጋው ደግሞ ፍርግርጉ ላይ።

አንድ ጊዜ ውዱም አዋርዶኛል። ከረጢቱን ክፍት ትቼው ዝናብ በበዛበት ሰሞን ሦስት ሳምንት በረንዳ ላይ ቆየ። ከሰል ከአየር እርጥበት ይስባል። ሳቀጣጥለው ይንጣጣ ጀመር፤ ፍንጣሪው እስከ ጫማዬ ደረሰ። አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ዘርግቼው ነው የተመለሰው። አሁን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጣለሁ። በነገራችን ላይ እርጥብ ከሰል በሚዛን ስትገዙ የምትከፍሉት ለውሃም ጭምር ነው።

ርካሹን ስገዛ ከረጢቱን ከታች እዳብሰዋለሁ፤ ብናኙ እንደ አሸዋ ከተንሸራተተ እተወዋለሁ። ሻጩ ከፈቀደ ሁለት ቁራጭ አውጥቼ አጋጫለሁ። በደንብ የከሰለ እንደ ሸክላ ቃጭል ቃጭል ይላል። ጥሬው ድብ ይላል። ለአንድ ሰዓት ጥብስ የተነፋ ርካሽ ይበቃኛል። ለረጅም ሥራ ርካሹን ለማስነሻ ከስር አደርግና የውዱን ትልልቅ ቁራጮች ከላይ እደረድራለሁ። ጥብሱ ሲያልቅ ክዳኑንም ቀዳዳዎቹንም እዘጋለሁ። አየር ያጣ ፍም ይሞታል፤ በነጋታው አራግፌ ለሌላ ቀን አነሳዋለሁ። ምድጃውን ግን ዝናብ መጣ ብዬ ወደ ቤትም ወደ ጋራዥም አላስገባም። ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም።

እናቴ ባለፈው ስትመጣ ወንበሯን ከምድጃው አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች። «ዛሬ የትኛው ነው?» አለችኝ። ርካሹ ነው አልኳት። አላመነችኝም፣ ከረጢቱን አምጣ አለች። የማጀቱ ወንፊት እስከ ዛሬ ጓሮ ነው፤ ባለቤቴ መልሳ አልተቀበለችውም።