«568 ነበር እኮ»

የዙም፣ የዚያ የቪዲዮ ስብሰባ ኩባንያ፣ አክሲዮን ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ያቺን የሰኞ ስብሰባ ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እንደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2022 ነው። የምሠራው የሰው ገንዘብ በአደራ ይዞ አክሲዮን በሚገዛ ድርጅት ውስጥ ነበር። አለቃችን ዙምን እንግዛ አሉ። አክሲዮኑ ኦክቶበር 2020 ላይ 568 ዶላር ደርሶ ነበር። አሁን ወደ 184 ወርዷል።

እኔ ደግሞ ገና ውድ ነው አልኩ።

«ውድ?» አሉ አለቃችን። «568 ነበር እኮ! ሲሶ ዋጋው ላይ ነው ያለው። ከዚህ በላይ ምን ያህል እንዲረክስ ትፈልጋለህ?»

«568 ትክክለኛ ዋጋው ነበር ያለው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ገበያው ነዋ።»

«አሁን 184 የሚለውም ያው ገበያ ነው። የትኛውን እንመን?»

ክፍሉ ጭጭ አለ። አለቃችን ፈገግ አሉና «ወንድሜ፣ ገበያ በሒሳብ ብቻ አይገባም» ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። ያቺ ፈገግታ ናት ያላለቀችልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሒሳቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። በ184 ዶላር ኩባንያው በጠቅላላው ወደ 55 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። የዓመት ሽያጩ 4 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። ዋጋው ከዓመት ትርፉ ከ45 እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈለው በፍጥነት ለሚያድግ ድርጅት ነው። የዙም ሽያጭ ደግሞ በወረርሽኙ ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ ካደገ በኋላ ፍጥነቱ በየሩብ ዓመቱ እየቀነሰ ነበር። ሰው ወደ ቢሮ እየተመለሰ ነው። ማይክሮሶፍትም የዙም ተፎካካሪ የሆነውን ቲምስን ከሌሎች ፕሮግራሞቹ ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር።

ገዙ። በ2022 መጨረሻ አክሲዮኑ 68 ዶላር ገደማ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በ568 የገዛ ሰው 184 እስኪደርስ ከገንዘቡ 68 በመቶ ገደማ አጣ። «ረክሷል» ብሎ በ184 የገባው ደግሞ 63 በመቶ። ለደንበኞች የተላከው ደብዳቤ ላይ «ያልተጠበቀ የገበያ ሁኔታ» የሚል ተጻፈ። ያልተጠበቀ! ያን ቃል ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ያልነገርኳችሁ አለ።

ያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ዙም ወርዶ ወርዶ የኔ ቃል ቢሮው ውስጥ ሚዛን ሲደፋ፣ አንዲት ወጣት ባልደረባችን የፌስቡክን ባለቤት ሜታን እንግዛ ብላ መጣች። ሜታ ከ382 ዶላር ወደ 89 ወርዶ ነበር። ገና አፏን ስትከፍት «ከከፍታው መውረዱ ርካሽ አያደርገውም» አልኳት። ስለ ዙም ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሐሳቧ ወደቀ።

እሷ ግን 382 የሚል ቁጥር አላነሳችም። ይዛ የመጣችው እኔ ለዙም የሠራሁትን ዓይነት ሒሳብ ነበር፦ የኩባንያው ዋጋ ለዓመት ትርፉ ሲካፈል። ውጤቱ ከ10 በታች ነው። ሜታቨርስ ለተባለው ምናባዊ የኮምፒውተር ዓለም የሚፈሰው ገንዘብ ሁሉንም ባስፈራበት ሰዓት፣ ማስታወቂያው አሁንም በቢሊዮኖች እያተረፈ መሆኑንም ጽፋዋለች። በ2023 መጨረሻ አክሲዮኑ 350 ዶላር አለፈ።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ሁሉም ሰው ይሳሳታል፣ የዛን ጊዜ ፍርሃቱም ቀላል አልነበረም፣ ምናምን አልኩ።

«በመሳሳትህ አይደለም የተከፋሁት» አለችኝ። «ወረቀቱን አልገለጥከውም።»